52 ሲቀነስ 27 ለምን 35 ይሆንባቸዋል?

አንድ ያነበብኩት ጽሑፍ ልጆች መቀነስ የሚያስቸግራቸው ልምምድ ስለሚያንሳቸው ነው ይላል። አይመስለኝም። 52 ሲቀነስ 27 ተብሎ 35 የሚል ልጅ ከ7 ላይ 2 ቀንሷል፤ ትልቁን አኃዝ ከታች ሲያየው ገለበጠው። ሌላ ሃያ ጥያቄ ቢጨመርለት ስሕተቱ ይለመዳል እንጂ አይታረምም። ስቴኪኒ አሥር አሥሩን በላስቲክ እሰሩለት፤ 52 ማለት 5 እስርና 2 ነጠላ ነው። 7 ነጠላ አንሣ ሲባል ያለው 2 ብቻ ስለሆነ አንድ እስር ይፈታል (እናንተ አትፍቱለት፣ ዋናው ነገር ልጁ ራሱ መፍታቱ ነው)። ነጠላው 12 ይሆናል፣ 7 ሲያነሣ 5 ይቀራል። ከቀሩት 4 እስሮች 2 ሲያነሣ መልሱ 25። እያንዳንዱን እርምጃ እዚያው ደብተሩ ላይ ይጻፍ፤ አለዚያ ስቴኪኒው ሌላ፣ ሒሳቡ ሌላ ሆኖ ይቀራል። እንደ 402 ያሉት መሐላቸው ዜሮ የገባባቸው ቁጥሮች ሁለት ጊዜ መፍታት ስለሚጠይቁ ለኋላ ይቆዩ።