የድሮው ኤስ-ክላስ ኤርባግ ቀበቶን አይተካም

ጎንደር ውስጥ ለሰርግ በአበባ ያጌጠች የድሮ መርሰዲስ ፎቶ ስር አንድ አስተያየት እየተደጋገመ ነው። «ይቺ ኤስ-ክላስ ናት፣ ሁሉም ኤርባግ አላቸው፣ ቀበቶ ማሰር አያስፈልግም» ይላል። ኤስ-ክላስ የመርሰዲስ ትልቁ የቅንጦት መኪና ነው፤ ኤርባግ ደግሞ መኪና ሲጋጭ በቅጽበት ተነፍቶ ሰውን የሚቀበል ከረጢት ነው። ሰርጉ ብዙ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መኪናዋ ደብልዩ 126 የሚባለው ትውልድ ናት። ጀርመን ውስጥ የወጣችው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔ ኤርባግ አልነበራትም። ኩባንያው ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲሠራበት የቆየውን የሾፌር ኤርባግ በዚህች መኪና ለገበያ ያቀረበው በ1981 ነው። እሱም ተጨማሪ ለከፈለ ሰው ብቻ። የጋቢና ተሳፋሪው ኤርባግ ደግሞ የመጣው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ሙሽሮቹ የሚቀመጡት ግን ከኋላ ነው፤ እዚያ ምንም ኤርባግ የለም።

መሐንዲሶቹ ኤርባጉን የሠሩት ቀበቶን እንዲያግዝ እንጂ እንዲተካ አይደለም። ለዚህም ነው ከሾፌሩ ኤርባግ ጋር፣ መኪናው ሲጋጭ የጋቢናውን ቀበቶ በቅጽበት የሚያጠብቅ መሣሪያ አብሮ የገጠሙት። ቀበቶ ያላሰረ ሰው ወደፊት ተወርውሮ ገና በኃይል እየተነፋ ያለውን ኤርባግ በፊቱ ሊገጨው ይችላል።

ማጣራቱ ቀላል ነው። የመሪው መሃል ወፈር ብሎ «ኤስ.አር.ኤስ» ወይም «ኤርባግ» የሚል በላቲን ፊደል ተጽፎበት እንደሆነ እዩ። ቁልፉን ስታዞሩ የኤርባጉ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት። ካልበራ ወይም በርቶ ከቀረ ችግር አለ ማለት ነው።

የምትከራዩ ቤተሰቦች፣ አበባው ከመታሰሩ በፊት የኋላውን ቀበቶ ስባችሁ ሞክሩት። ከመቀመጫው ስር ገብቶ ከሆነ አስወጡት።