ዘረመሉ ይቆየን፣ መጀመሪያ ሲዲ4 ይቆጠር

ሁለት ሰዎች ኤችአይቪ አለባቸው። የሁለቱም ሲዲ4፣ ማለትም ቫይረሱ የሚያጠቃቸው፣ ሰውነትን የሚከላከሉት ነጭ የደም ሴሎች ቁጥር፣ ከ100 በታች ወርዷል። ሰፈራቸው አንድ፣ የሚተነፍሱት አየርም አንድ ነው። ታዲያ አንዱ በክሪፕቶኮከስ ማጅራት ገትር ሲወድቅ ሌላው ለምን ይተርፋል? ተመራማሪዎች መልሱን ዘረመል ውስጥ ሲያስሱ ቆይተዋል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔን የሚያሰጋኝ ወሬው እኛ ጋ ሲደርስ «በዘሩ ነው» ተብሎ እንዳይዘጋ ነው።

ክሪፕቶኮከስ ፈንገስ ነው። አፈር ውስጥ አለ፣ የእርግብ ኩስ ደግሞ በጣም ይስማማዋል። ብዙ ሰው ሳያውቀው ብናኙን ስቦታል፤ ጤነኛ ሰውነት ሳንባ ላይ ይዞ ያስቀረዋል። ሲዲ4 ሲያሽቆለቁል ግን ወደ አንጎል ይወጣል። አወጣጡ ነው የሚገርመው። ተውሳክ እንዲበሉ የተፈጠሩት ነጭ የደም ሴሎች ይውጡታል፣ እሱ ግን ሳይሞት ውስጣቸው ተቀምጦ፣ እነሱኑ ተሳፍሮ ጭንቅላት ድረስ ይሄዳል።

በ2013 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ቫይረሱ ባለባቸው ወንዶች ላይ የወጣ ጥናት ኤፍሲጂአር3ኤ የሚባለውን ዘረመል ተመልክቶ ነበር። ሴሎች በፀረ እንግዳ አካል የተሸፈነ ተውሳክን የሚይዙበትን እጅ የሚሠራው እሱ ነው። ጠበቅ አድርጎ የሚይዘው ዓይነት ያላቸው ሰዎች ለበሽታው ይበልጥ ተጋላጭ ሆነው ተገኙ። ግራ ያጋባል አይደል? አንዱ ግምት ብዙ የዋጠ ብዙ ያሳፍራል የሚል ነው። በ2020 ደግሞ ሲዲ4ቸው ከ100 በታች በሆኑ ከ500 በላይ ደቡብ አፍሪካውያን ላይ ሙሉ ዘረመላቸው ታይቶ፣ ሲኤስኤፍ1 ከተባለው ዘረመል አጠገብ ምልክት ተገኘ። እነዚያኑ ዋጭ ሴሎች የሚያሳድገው እሱ ነው። ይሄኛው ደስ ያለኝ በአፍሪካውያን ላይ በመሠራቱ ነው፤ የዘረመል ጥናት አብዛኛው በአውሮፓውያን ደም ነውና የተሠራው።

ግን ሁሉን ለዘር መስጠት ያሳስታል። በ1990ዎቹ የጤነኛ ኢትዮጵያውያን ሲዲ4 ከሆላንዶች ዝቅ ብሎ ተገኝቶ ነበር። «ተፈጥሯችን ነው» ማለት ቀላል ነበር። እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ሲመረመሩ ግን አዲስ መጤዎቹ ብዙዎቹ የአንጀት ትል ነበረባቸው፣ የመከላከያ ሥርዓታቸውም ያለ እረፍት ሲሠራ የከረመ ነበር። ዓመታት የቆዩት ላይ ነገሩ ተለወጠ። ዘራቸው ያው ነው። የተቀየረው ውሃውና ኑሮው ነው።

ስለዚህ እኔ የምከራከረው ለተራው ነገር ነው። በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት «ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ ወዲያው መድኃኒት ይጀምር» ካለ ወዲህ በብዙ አገር የሲዲ4 ቆጠራ ችላ ተባለ። ውሳኔው ትክክል ነበር፣ ቆጠራውን መርሳት ግን አልነበረም። የቫይረስ መጠን መድኃኒቱ መሥራቱን ይነግርሃል፤ ማን አደጋ ላይ እንዳለ የሚነግርህ ሲዲ4 ነው። ቁጥሩ ዝቅ ሲል በደም ጠብታና በአንዲት የመመርመሪያ ወረቀት፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ ራስ ምታቱ ከመጀመሩ ከሳምንታት በፊት ፈንገሱን ማግኘት ይቻላል። በተለይ መድኃኒት አቋርጠው የተመለሱ ሰዎች ይሄን ሳያገኙ መሸኘት የለባቸውም።

ዘግይቶ ሲገኝ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። በአምስት የአፍሪካ አገሮች ተሞክሮ በ2022 የወጣው ሕክምና አንድ ጊዜ ብቻ በደም ሥር የሚሰጥ ከፍተኛ መጠን ያለው አምፎቴሪሲን የተባለ ፈንገስ ገዳይ መድኃኒት ከሚዋጡ እንክብሎች ጋር ሲሆን ትልቅ እፎይታ ነው። እሱን አግኝተውም ከአራቱ አንዱ በ10 ሳምንት ውስጥ ሞቷል። በ2020 በዓለም 152,000 ሰው ታሞ 112,000 እንደሞተ ይገመታል።

ቤት ውስጥ የሚሆነውንም እናውቀዋለን። ራስ ምታት ሁለት ሳምንት ይቆያል፣ ዳማከሴ ይጨመቃል፣ ፓራሲታሞል ይዋጣል። ነገር ተደራርቦ መታየት፣ መዘባረቅ ሲመጣ ጠበል ይኬዳል። ጠበሉን አልነቅፍም፤ ሐኪም ጋ ቀድሞ መሄድን ግን አይከለክልም። ሆስፒታል ተደርሶም «ከጀርባ ውሃ አታስወስዱት፣ ሽባ ይሆናል» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ይሄ ፍርሃት ሰው ይገድላል። ጭንቅላቱን እየጨመቀው ያለው እኮ ያ ውሃ ነው፤ ሲቀዳለት ግፊቱ ይቀንሳል፣ ራስ ምታቱም ብዙ ጊዜ ወዲያው ቀለል ይላል።