ለወጪት ሰባሪዎች የቀረበ ምስጋና

ደግ ሰው በጠፋበት በዚህ ዘመን የመድኃኒት ሽያጭ ተወካዮችን የመሰለ ቸር ከወዴት ይገኛል? ሐኪሙ ሌሊቱን ተረኛ ሆኖ ማደሩን ያውቃሉ፤ የልጁን የልደት ቀን ከራሱ ከሐኪሙ ቀድመው ያስታውሳሉ፤ ስለ አንድ የደም ግፊት ክኒን አራት ስላይድ ለማሳየት ሲሉም በመዝናኛ ሆቴል የሦስት ቀን ማረፊያ ይይዙለታል። ክኒኑ በሆስፒታሉ አዳራሽ ቢብራራ ፈዋሽነቱ እንደሚቀንስ ስለማናውቅ ነው ነገሩ ለእኛ እንግዳ የሚሆንብን።

ከጋባዡ ይልቅ የሚደነቀው ግን ተጋባዡ ነው። እኛ አንድ ምሳ የጋበዘንን ሰው ውለታ እንዴት እንደምንመልስ ስንጨነቅ እንከርማለን፤ እርሱ ግን እራቱን በልቶ፣ ወይኑን ጠጥቶ፣ የአውሮፕላን ትኬቱን ኪሱ ከትቶ፣ በማግስቱ ማዘዣ ሊጽፍ ብዕር ሲያነሣ ጋባዡን ጨርሶ ይረሳዋል። አባቶቻችን ይህን ችሎታ «የበሉበትን ወጪት መስበር» እያሉ ሲያንቋሽሹት ኖረዋል፤ በሕክምናው ዓለም ስሙ «ሙያዊ ነጻነት» ነው።

የሚያሳዝነው ጸጋው ለባልደረቦቹ አለመድረሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የታተመ ጥናት በስፔሻላይዜሽን ሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞችን ሲጠይቅ፣ 61 በመቶዎቹ የኩባንያዎች ማስተዋወቂያ የእነርሱን መድኃኒት አዘዛዝ እንደማይለውጠው ተናገሩ፤ ሌሎች ሐኪሞችም እንደዚያው ናቸው ያሉት 16 በመቶ ብቻ ነበሩ። ውለታ የሚይዘው፣ እንግዲህ፣ ሁልጊዜ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ የተቀመጠው ነው።

ምቀኛ ተመራማሪ ደግሞ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት የ279,669 ሐኪሞችን ማዘዣ ከተቀበሉት ክፍያ ጋር አስተያይቶ፣ በአማካይ 20 ዶላር የማይሞላ አንድ ማዕድ እንኳ የቀመሱት የጋባዡን መድኃኒት አብልጠው ያዝዙ እንደነበር አሳየ። ይህ ግብዣው መንሥኤ ስለመሆኑ ማረጋገጫ እንዳልሆነም አጥኚዎቹ በጥንቃቄ ጽፈዋል፤ ልክ ናቸው፣ ምናልባት ቶሎ የሚርበው ሐኪም በተፈጥሮው ውድ መድኃኒት ይወድ ይሆናል። የስዊዘርላንዱ መድኃኒት አምራች ኖቫርቲስ እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የቀረበበትን ክስ በ678 ሚሊዮን ዶላር ሲቋጭም፣ ውድ ምግብ ቤቶች ውስጥ ተሰናድተው ስለ መድኃኒቱ እምብዛም ያልተወራባቸው፣ አንዳንዶቹም ከነጭራሹ ያልተካሄዱ የትምህርት መድረኮች በክሱ ተዘርዝረው ነበር። ያልተካሄደ ትምህርት፣ መቼም፣ ማንንም አያሳስትም።

እኔ ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። የግብዣው ደረሰኝ ከተወካዩ ወደ ሒሳብ ክፍል፣ ከዚያም ወደ መድኃኒቱ ዋጋ ተሻግሮ በመጨረሻ በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ፊት የቆመው ሕመምተኛ እጅ ላይ ይወድቃል፤ ይህ ትሑት ጋባዥ ግን ማንን እንዳበላ እንኳ አያውቅም። የእራቱ ዝርዝር በማዘዣው ጀርባ ይታተምለት። ያን ጊዜ ክኒኑን መቼ እንደሚውጥ ጠይቆ «ከምግብ በኋላ» ሲባል፣ ከማን ምግብ በኋላ እንደሆነ ይገባዋል።