ባዶ እጅ

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አፌን መያዝ ነበረብኝ። እሑድ ጠዋት እናቴ ቤት ቡና እየተጠጣ፣ ቶናው ላይ፣ «በሚቀጥለው ወር ጃፓን እሄዳለሁ» አልኩ። በረካው ሳይቀዳ ወሬው ሰፈሩን ዞሮ ትእዛዝ ይዞ ተመለሰ። ከላይኛው ግቢ የቪትዝ የፊት መብራት፣ የግራው። ከታችኛው ግቢ የስኳር መለኪያ መሣሪያ። ከማዶ ደግሞ ዕቃ ሳይሆን ሰው መጣ፤ «ይህን ልጅ እዚያ አስገባልን፤ ምንም የማያስቸግር ልጅ ነው።» ልጁን አውቀዋለሁ። ያስቸግራል።

«የምሄደው ለካራቴ ነው» ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ።

«እሱስ ይሁን፤ ሥራው ምንድን ነው?»

«ሥራ የለውም። ውድድር አያለሁ፣ ከዚያ ልምምድ እሠራለሁ።»

«ስንት ይከፍሉሃል?»

«የምከፍለው እኔ ነኝ።»

እዚህ ላይ ጨዋታው ይቆማል። ላቡን ለማፍሰስ ብሎ ከፍሎ ባሕር የሚሻገር ጤነኛ ሰው ስለሌለ፣ ሁሉም የደበቅሁት ጉዳይ እንዳለ ደምድሞ ወደ ቤቱ ገባ።

ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ በቀበሌ አዳራሽ ሲሚንቶ ላይ ካራቴ ሠርቻለሁ። በሰፈሩ ስሜ «ካራቲስቱ» ነው። ለካራቲስት የሚቀርቡት ጥያቄዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ትጥላለህ፣ እና ብሩስ ሊ እውነት ሞቷል ወይ። ብሩስ ሊ ጃፓናዊ እንዳልነበረ፣ ሥራውም ኩንግ ፉ እንደነበር ማስረዳት ከተውኩ ቆየሁ። ሰሞኑን ሦስተኛ ጉዳይ ይዞ የመጣው ከጎረቤቱ ጋር በአጥር የሚካሰሰው የአጎቴ ልጅ ነው። ከጃፓን እንደተመለስኩ አንድ ቀን ብቻ እዚያ ደጃፍ ላይ እንድቆምለት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1922 ካራቴን ከኦኪናዋ ደሴት አምጥተው ቶኪዮ ላይ ያሳዩት መምህር ፉናኮሺ ጊቺን «ካራቴ ውስጥ ቀድሞ መምታት የለም» ይሉ እንደነበር ነገርኩት። ጥቂት አሰበና፣ «ግድ የለም፣ እኔ እጀምራለሁ፤ አንተ ሁለተኛ ትመታለህ» አለኝ።

ከዚያ የቪዛው ማመልከቻ መጣ። ቅጹ መጀመሪያ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። ቤተሰባችን ሰው እንጂ ስም የለውም፤ እንደ ደንቡ አያቴን ጻፍኳቸው። ጃፓኖች ሰውን የሚጠሩት በቤተሰብ ስሙ ነውና፣ ከወረዳቸው ገበያ አልፈው የማያውቁት አያቴ በስተመጨረሻ ኦኪናዋ፣ ናሃ ከተማ ላይ፣ በእነሱ «አቶ»፣ «ሳን» እየተባሉ ሊጠሩ ነው። ቀጥሎ የቆይታ ዕቅድ አለ፤ እያንዳንዱ ቀን በየመስመሩ የት እንደሚዋል፣ የት እንደሚታደር። ነገ ከምሳ በኋላ የት እንደምገኝ የማላውቅ ሰው፣ የመጪውን ወር ሁለተኛ ማክሰኞ በቁርጠኝነት ሞላሁ። በየመስመሩ ጫፍ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ልል ብዬ ቦታ ፈለግሁ፤ ለእሱ የተተወ ሣጥን የለም።

ዕቅዱ ራሱ አጭር ነው። ሁለት ቀን ቶኪዮ፣ ኒፖን ቡዶካንን ለማየት። አዳራሹ እ.ኤ.አ. በ1964 ለኦሊምፒክ ጁዶ ተብሎ የተሠራ ሲሆን፣ ካራቴም በ2021 ኦሊምፒክ የገባው እዚያው ነው። ፓሪስ ላይ መልሰው አስወጡት፤ እሱን አሁን አላነሣም፣ ደሜ ይፈላል። የቀረው ጊዜ ኦኪናዋ ነው፤ ካራቴ የተወለደባት ደሴት።

አጎቴ «1964» የሚለውን ሲሰሙ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። «አበበ በባዶ እግሩ ጉድ የሠራበት አገር!» አሉ። ባዶ እግሩን የሮጠው ሮም ላይ፣ ከዚያ አራት ዓመት ቀድሞ መሆኑን፣ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ እንደነበር በትሕትና ነገርኳቸው። «አንተ ነበርክ?» አሉኝ። አልነበርኩም፤ አልተወለድኩም። «እንግዲያው ዝም በል።» ስለ ትርፍ አንጀቱ ግን ተስማማን። ሩጫው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገባ። ሁለተኛው ሰው እስኪመጣ ሣሩ ላይ ጋደም ብሎ እግሩን ወደ ሰማይ እያነሣ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። አበበ ከ42 ኪሎ ሜትር በኋላ የሠራውን ያን እንቅስቃሴ እኔ ከእንቅልፌ ተነሥቼም አልችለውም። «ሽማግሌ ጃፓናዊ ስታገኝ ‹አበበ› በለው፤ ቤቱ ያስገባሃል» ብለው መረቁኝ።

ያሳየኋቸው አንድ ነገር ግን አጎቴን ከአበበ እኩል አስደስቷቸዋል። ጃፓን ከእኛ ስድስት ሰዓት ትቀድማለች። እኛ ደግሞ የምንቆጥረው ከፀሐይ መውጫ ጀምረን ስለሆነ ከሌላው ዓለም ቁጥር በስድስት እንለያለን። ሁለቱ ስድስት ተደምሮ አሥራ ሁለት ነውና የእጄ ሰዓት ናሃ ላይ ሳይነካ በትክክል ይሠራል። እዚህ ከጠዋቱ ሁለት ሲሆን እዚያ ከሰዓት በኋላ ሁለት ነው። አጎቴ ሰዓቴን ተቀብለው እያገላበጡ፣ «ድሮም አንድ ነን እኮ» አሉ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1924 ዓ.ም. በመርከብ ሄደው ከመጡ ወዲህ ይህ «እኛና ጃፓን» የሚባል ጨዋታ ሰው አላጣም። አንድ ዓይነት ሰዓት ይዘን እነሱ በሰዓቱ የሚደርሱት ለምን እንደሆነ ግን አጎቴ አላነሡትም። ቀጠሯችን ሦስት ሰዓት ነበር፤ የመጡት በአምስት ነው።

ልምምዱን ቤት ውስጥ የጀመርኩት ከመቀመጥ ነው። ሴይዛ ይሉታል፤ ተንበርክኮ ተረከዝ ላይ መቀመጥ። ትምህርቱ የሚጀምረውም የሚያልቀውም በእሱ ነው። ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ አሥር ደቂቃ ልቆይ ብዬ ተቀመጥኩ። በሰባተኛው ደቂቃ ከጉልበቴ በታች ያለው አገር የእኔ መሆኑ ቀረ። በስምንተኛው አክስቴ ገቡ። ታላቅ ሲገባ ከመቀመጫ መነሣት ግድ ነው፤ ተነሣሁ። መነሣቱን የሰማው ግን ወገቤ ብቻ ነበር፤ እግሮቼ አልሰሙም። በግንባሬ ሄጄ ጫማቸው ላይ ተደፋሁ። አክስቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ከላይ አዩኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ተነሥ ልጄ፤ እኔ እኮ ያኔውኑ ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ። ምን እንዳደረግኋቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። መጠየቅም ፈርቻለሁ።

ይቅር ከተባባልን በኋላ ምን እንደምማር ጠየቁኝ። ሳንቺን ስለሚባለው ካታ፣ ማለትም ብቻን ስለሚሠራ የተወሰነ የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል፣ ነገርኳቸው። ትርጉሙ «ሦስት ጦርነት» ነው።

«አንዱ መቼ አለቀና?» አሉ።

አልፌ ቀጠልኩ። ተማሪው ሰውነቱን እንደ ግንድ አጥብቆ፣ ትንፋሹን እየቆጠረ በዝግታ ይራመዳል፤ መምህሩ ከኋላው ሆኖ ትከሻውን፣ ጀርባውንና ጭኑን በጥፊ እየመታ ጥንካሬውን ይፈትሻል።

«በገንዘብህ ልትመታ ነው የምትሄደው?»

«እንዲያ ሳይሆን...»

«ወንድሜ በነፃ ሲመታህ አጥር ዘለህ አልነበር የምትሸሸው?»

ከልምምዱ በፊት ተማሪው ሁሉ፣ ባለ ጥቁር ቀበቶውም ጭምር፣ እርጥብ ጨርቅ ይዞ ወለሉን እንደሚወለውል ነግሬ ነገሩን ላሻሽል አሰብኩ። እናቴ ከጓዳ ሰማች። «ወለል ከሆነ እዚህስ ምን አለው?» አለች።

እናቴ ከሁሉም በላይ ያልዋጠላት ቃሉ ራሱ ነው። ካራቴ ማለት በድሮው አጻጻፍ «የቻይና እጅ» ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ሊቃውንቱ ናሃ ላይ ተሰብስበው «ባዶ እጅ» በሚለው አጸኑት። አነባበቡ ያው ነው። ይህን በኩራት ስተረጉምላት ምጣዱን አስቀመጠች። «እና አንተ ባዶ እጅህን ሰው ቤት ልትሄድ ነው?» የዚያኑ ዕለት ማታ በሶ መቆላት ተጀመረ።

አምስት ኪሎ በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ዳቦ ቆሎ። ለመምህሩ ቡና፤ እሱን እኔም አምኜበታለሁ፣ ስጦታ በሁለት እጅ መስጠት እነሱም እንደኛ ያውቁበታል። ለመምህሩ ሚስት ነጠላ፤ ሚስት ይኑረው አይኑረው ያጣራ የለም። ቋንጣው ላይ ግን ተጣላን። ጃፓን ሥጋ አያስገባም፤ የደረቀውንም፣ ለራስ የሚበላውንም። ይዞ መገኘት እስከ እስራት የሚያደርስ ቅጣት አለው። እናቴ ቋንጣውን በእጇ እንደያዘች አተኩራ አየችኝ። «ቋንጣ የሚፈራ ሰው ነው ካራቴ የሚያስተምርህ?»

ሻንጣው የሚፈቀድለት 23 ኪሎ ነው። ትናንት ወፍጮ ቤት ወስደን ሚዛን ላይ አወጣነው፤ 31 ሆነ። ባለ ወፍጮው «ነጭ ነው ሠርገኛ?» ብሎ ጠየቀ። እዚያው ዱቄት መሐል ከፍተን መቀነስ ጀመርን። እናቴ መጀመሪያ ያወጣችው የካራቴ ልብሴን ነው። «ልብስ እዚያ አይጠፋም፤ በርበሬ ግን ይጠፋል።» ብዙ ተከራክረን የበሶው እኩሌታ፣ ሽሮውና የጎረቤት ልጅ ጫማ ቀርተው ልብሱ ተመለሰ። ቀበቶው ግን ውጭ ቀረ፤ ቤት ስንደርስ ልሞክረው ፈልጌ ነበር። ደንቡ ወገብን ሁለት ዙር ዞሮ፣ ተቋጥሮ፣ ሁለቱ ጫፎች እኩል ወደ ታች እንዲንጠለጠሉ ነው። የእኔዎቹ ካለፈው ዓመት ወዲህ እንደ ፍየል ጆሮ ወደ ጎን ነው የሚቆሙት። ሆዴን ስቤ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ እየታገልኩ ሳለሁ ከመኝታ ቤት አንድ ድምፅ ተሰማ፤ የሻንጣው ዚፕ ከዳር እስከ ዳር ተተርትሮ ሄደ።

እናቴ ወጥታ ወገቤን አየች። ምንም ሳትል ቀበቶውን ፈትታ ወሰደችና ሻንጣው ላይ አዞረችው። ሁለት ዙር ሞላ፤ ተቋጠረ፤ ሁለቱ ጫፎች እኩል፣ ቀጥ ብለው ወደ ታች ወረዱ።

«ስንት ዓመት ፈጀብህ ያልከኝ ይሄ ነው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

ሳብ አድርጋ ሞከረችው። «ጥሩ ገመድ ነው» አለች።