እርማት፦ የመጀመሪያው ዜኒት አይደለም

ወንድሜ፣ ስለ እግር ኳስ ክለቡ ዜኒት ሴንት ፒተርስበርግ ያነሳኸው ጥሩ ነው፤ ግን «የአውሮፓ ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው የሩሲያ ክለብ» የሚለው ስህተት ነው። ብዙ ሰው ስለሚደግመው አልፈርድብህም።

ቀዳሚው ሲኤስኬኤ ሞስኮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የዩኤፋ ዋንጫ (የዛሬው ዩሮፓ ሊግ) ፍጻሜ የፖርቱጋሉን ስፖርቲንግ ሊዝበንን 3 ለ 1 አሸነፈ፤ ያውም በስፖርቲንግ በራሱ ሜዳ! ባለሜዳዎቹ በሮጀሪዮ ጎል ቀድመው ነበር። ከእረፍት መልስ አሌክሲ ቤሬዙትስኪ፣ ዢርኮቭና ቫግነር ሎቭ ተራ በተራ አስቆጥረው ስታዲየሙን ጸጥ አሰኙት። አሰልጣኙ ቫሌሪ ጋዛየቭ ነበር። ዜኒት በዚሁ ዋንጫ ፍጻሜ የስኮትላንዱን ሬንጀርስን ማንቸስተር ላይ 2 ለ 0 የረታው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2008 ነው።

ስህተቱ የመጣው ከሱፐር ካፑ (የቻምፒየንስ ሊግና የዩኤፋ ዋንጫ አሸናፊዎች ከሚገናኙበት ጨዋታ) ይመስለኛል። ዜኒት በዚያው ዓመት ማንቸስተር ዩናይትድን 2 ለ 1 ረትቶ ወስዶታል፤ እዚህ ላይ በእርግጥም ከሩሲያ የመጀመሪያው ነው። ሲኤስኬኤ በ2005 በሊቨርፑል 3 ለ 1 ተሸንፎ አጥቶታል።

በነገራችን ላይ፣ «ዳይናሞ ኪዬቭ በ1975 የአውሮፓ ዋንጫ አልወሰደም ወይ?» ለምትሉ፦ ወስዷል፤ ግን የሶቪየት ኅብረት ክለብ ሆኖ እንጂ የሩሲያ አይደለም። ኪዬቭ ያለችው ዩክሬን ውስጥ ነው።