ይድረስ ለክቡር ሙሉ ኮፒ፣ ባሉበት ዲስክ

ጉዳዩ፦ የያዙትን ቦታ በሰላም እንዲለቁ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነን ልንል ነበር። ግን ምን ያደርጋል፣ እንድንናፍቅዎት ዕድል አልሰጡንም። ሰርቨሩን ስንከፍት አሉ። ፍላሽ ስንሰካ አሉ። ሪሳይክል ቢን ውስጥ እንኳ ተኝተው አግኝተንዎታል።

ይህን የምንጽፍልዎት ከቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ካለች አንዲት የኮምፒውተር ማሰልጠኛ። አድራሻው አይጠፋዎትም። ዲስኩን ሞልተው የተቀመጡት እርስዎ ነዎት።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ለሊኑክስ ትምህርት የተዘጋጀችው የቨርቹዋል ማሽን ኢሜጅ (ኮምፒውተር ውስጥ የሚነሳ የሌላ ኮምፒውተር ሙሉ ዲስክ፣ በአንድ ፋይል) 40 ጊጋ ናት። ተማሪው 24 ነው። «ለሁሉም አንድ አንድ ይድረሰው» ብለው በቸርነትዎ ሲነሱ 960 ጊጋ ይጠይቃሉ። የተገዛው ዲስክ ካርቶኑ ላይ 1 ቴራ ይላል፤ ማሽኑ ሲቆጥረው ግን 931 ጊጋ ነው። ስለዚህ 24ኛዋ ተማሪ ተራዋ ሲደርስ «ቦታ የለም» ትባላለች። ክፍያውን ግን እኩል ነው የከፈለችው።

በየኮምፒውተሩ እንላክዎት ብንል ደግሞ ጉዞዎ ሌላ ጣጣ ነው። በ100 ሜጋቢት የኔትወርክ ስዊች 40 ጊጋ ለመሻገር አንድ ሰዓት ገደማ ይፈልጋሉ። ያውም ለአንድ ኮምፒውተር። ያውም መስመሩን ለብቻዎ ይዘው። እዚህ ሰፈር መብራት አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይጠፋ ይቆያል ብሎ የሚወራረድ ሰው አናውቅም።

ይህን ሁሉ ተሸክመው ሲደርሱስ ውስጥዎ ምን አለ? ያው ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ። ያው ዴስክቶፕ። ያው ማንም ከፍቶት የማያውቅ የካርታ ጨዋታ። ተማሪው የሚቀይረው አንድ የተጠቃሚ ስም፣ ሁለት ሦስት የኮንፊግ (የቅንብር) ፋይል፣ ቢበዛ አንድ ዌብ ሰርቨር ነው። መጋረጃ ለመቀየር ብሎ ኮንዶሚኒየሙን ከመሠረቱ የሚሠራ ሰው ቢኖር እርስዎን ይመስላል።

ስምዎማ አይነሳ! «ኡቡንቱ ፋይናል»፣ «ኡቡንቱ ፋይናል የእውነት»፣ «ኡቡንቱ ፋይናል እንዳይነካ»፣ «ኮፒ ኦፍ ኡቡንቱ ፋይናል እንዳይነካ»። የትኛው ከየትኛው እንደሚለይ ፈጣሪ ይወቀው። አስተማሪው የሚመርጠው ቀኑን አይቶ ነው። ቀኑም ውሸት ነው፤ ሰዓቱን የሚያስቆጥረው የማዘርቦርዱ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል።

ይልቅ ተተኪዎን እናስተዋውቅዎት። ኦቨርሌይ ይባላል። ሲፈጠር 200 ኪሎባይት እንኳ አይሞላም፤ ይሳቁ፣ ግድ የለም። ያቺ ባለ 40 ጊጋ ኢሜጅ አንድ ጊዜ ትቀመጣለች፤ ማንም አይጽፍባትም። ከዚያ ቨርቹዋል ማሽኖቹን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ኬሙ፣ ባለው ኬሙ ኢሜጅ በሚባል መሣሪያ ለእያንዳንዱ ተማሪ ኪውካው2 በሚባለው የኬሙ ዲስክ ፎርማት አንድ ባዶ ፋይል ይፈጠርና «መሠረትህ ያቺ ናት» ይባላል። ማሽኑ ሲያነብ መጀመሪያ በራሱ ፋይል ላይ ይፈልጋል፤ ካጣ ወደ መሠረቷ ይሄዳል። ሲጽፍ ግን የሚጽፈው በራሱ ላይ ብቻ ነው። ተማሪዋ ኮንፊግ ፋይል ውስጥ አንዲት መስመር ስትቀይር፣ ፋይሉ በተለመደው ልክ ከተፈጠረ፣ ያቺ መስመር ያለችበት 64 ኪሎባይት ይገለበጣል። 40 ጊጋው ከቦታው አይነቃነቅም። እያንዳንዱ ተማሪ 2 ጊጋ ቢጽፍ እንኳ፣ ከነመሠረቷ ጠቅላላው 88 ጊጋ ነው። የእርስዎ ስንት ነበር ያልነው?

በየክፍሉ ደግሞ አንድ ጀግና አይጠፋም። «ሱዶ አርኤም» ብሎ ሲስተሙን ጠራርጎ ያጠፋና ዝም ብሎ ስክሪኑን ያያል። በእርስዎ ዘመን ይህ የአንድ ክፍለ ጊዜ ሐዘን ነበር። አሁን ኦቨርሌዩ ይሰረዛል፣ አዲስ ይፈጠራል፤ ልጁ ይቅርታ ጠይቆ ሳይጨርስ ማሽኑ መነሳት ይጀምራል።

ደጋፊ እንዳለዎት እናውቃለን። ቨርቹዋልቦክስ የሚባለው ሌላ የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም ማሽን ክሎን ሲደረግ (ሲገለበጥ) «ፉል (ሙሉ) ወይስ ሊንክድ (ከመሠረቱ ጋር የተያያዘ)?» ብሎ በደንብ ይጠይቃል። ሰዉ ግን ሳያነብ ኔክስት፣ ኔክስት ነው። የገዛ ዘመዶችዎ እንኳ ተሻሽለዋል እኮ! ኤክስኤፍኤስና ቢቲአርኤፍኤስ በሚባሉት የዲስክ ፋይል ሲስተሞች ላይ ሪፍሊንክ በሚባለው ዘዴ የተገለበጠ ፋይል ሙሉ ይመስላል እንጂ፣ ያልተቀየረውን ቦታ ሁሉ ከዋናው ጋር ይጋራል። እኛ ዘንድ ያለው ኢኤክስቲ4 ነው፤ እዚያ ላይ ይህ አይሠራም።

አቤቱታዎንም ከወዲሁ ሰምተናል። «እኔ ራሴን ችዬ እቆማለሁ፤ ያ ኦቨርሌይ የሚሉት ልጅ ግን መሠረቱ ከተነካ አለቀለት» ይላሉ። እውነትዎን ነው። አንድ ትጉህ ሰው መሠረቷን ራሷን አስነስቶ «እስቲ አፕዴት ላድርጋት» ካለ 24ቱም ይበላሻሉ። ተማሪዎቹ ሥራ ላይ እያሉ ኬሙ ፋይሉን ስለሚቆልፈው እሺ አይለውም። ሁሉም ዘግተው ወደ ባጃጅ ሲሮጡ ግን የሚያስጥል የለም። ስለዚህ መሠረቷ ለንባብ ብቻ ተደርጋለች፤ የሩት (የዋናው አስተዳዳሪ) ፓስወርዱንም ከትጉሃን ደብቀናል። ኦቨርሌይ በኦቨርሌይ ላይ መደራረብም ንባቡን ያንቀራፍፋል፤ ከልክለናል። ዲስኩ ከሞተ ደግሞ መሠረቷም ልጆቿም አብረው ይሄዳሉ። ስናፕሾት (እንዲህ መሠረት ላይ የተደገፈ ቅጂ) ባክአፕ ነው ብሎ የተኛ ሰው ያን ቀን ይነቃል።

ለዚህም ነው ከእናንተ መካከል አንዱ እንዲቀር የተወሰነው። ከሰርቨሩ ውጭ፣ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ፣ የሚቆለፍ መሳቢያ ተዘጋጅቶለታል። የቀራችሁት ግን እስከ ቅዳሜው ክፍለ ጊዜ ድረስ ዲስኩን እንድትለቁ እያሳሰብን፣ የምትሄዱት ወደ ሪሳይክል ቢን እንዳልሆነ ከወዲሁ እንገልጻለን።

ከሰላምታ ጋር
የኮምፒውተር ላቡ ሠራተኞች

ግልባጭ፦ ለ24ቱም ተማሪዎች
(ለእያንዳንዳቸው ስማቸው ያለበት መስመር ብቻ ተልኳል፤ የቀረውን ከዋናው ላይ ያንብቡ።)