ክርክር፦ ለኮሶ ትል እንቆቆ ወይስ ኪኒን?

እንቆቆ በደኖቻችን ውስጥ ሌላ ዛፍ ተደግፎ የሚወጣ እንጨታማ ሐረግ ነው። የደረቀ ፍሬው የኮሶ ትል ማስወጫ ሆኖ ይጠጣል። ጥሬ ሥጋ በልቶ ኮሶ የታየበት ሰው ዛሬም ወደ እንቆቆ ይሂድ?

የእንቆቆ ወገን፦
አዘገጃጀቱን ካወቀ ይሂድ። «አይሠራም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ድፍን ፍሬ ተዘፍዝፎ ውሃው ብቻ ሲጠጣ ነው። ትሉን የሚመታው ኤምቤሊን የተባለ ብርቱካንማ ንጥረ ነገር ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ የሚሟሟው በዘይት ነው። ስለዚህ ፍሬው በደንብ ደርቆ ይወቀጣል፣ በወንፊት ይነፋል፣ ዱቄቱ ከተወቀጠ ኑግ ጋር ተለውሶ ጠዋት በባዶ ሆድ ይወሰዳል። በጠላ የሚበጠብጡት አተላውን ከደፉት መድኃኒቱን ደፉት። ፍሬው ያጠራጠረው ሰው ከዱቄቱ ቆንጥሮ አሞኒያ ጠብ ያድርግበት፤ ኤምቤሊን ካለው ወደ ሐምራዊ ይለወጣል።

የኪኒን ወገን፦
የቀለም ፈተናው እንቆቆ መሆኑን አያረጋግጥልዎትም። ቀጨሞ የተባለው ሌላ ቁጥቋጦ ፍሬም ኤምቤሊን አለው። ይባስ ብሎ ምን ያህል እንዳለው አይናገርም፤ አንዱ በጭብጥ፣ ሌላው በሲኒ ይሰፍራል። ያነሰ መጠን ሲጠጣ የሚሆነውን እንይ። ትሉ ሜትሮች የሚረዝም የቁራጮች ሰንሰለት ነው፤ አዲስ ቁራጭ የሚበቅለው ከጭንቅላቱ ሥር ካለው አንገት ነው። ጭንቅላቱ ከመርፌ ራስ ብዙ አይበልጥም፣ በ4 መምጠጫዎች አንጀት ላይ ይጣበቃል። ደካማ መድኃኒት ረጅሙን አካል በጥሶ ያወጣል፣ ሰውየው ተፈወስኩ ይላል፣ በ3 ወር ገደማ ቁራጮቹ እንደገና ይታያሉ። ፕራዚኳንቴል የተባለው ኪኒን ግን በሰውነት ክብደት በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ300 እስከ 600 ሚሊግራም፣ አንድ ጊዜ። ሌላው ኪኒን ኒክሎሳማይድ ለአዋቂ 2 ግራም፣ በደንብ ታኝኮ።

የእንቆቆ ወገን፦
መጠኑ አለመታወቁ ለመመዘን ምክንያት ይሆናል እንጂ ለመተው አይሆንም። ደግሞም በኪኒን የሞተው ትል አንጀት ውስጥ ስለሚፈጭ ጭንቅላቱ መውጣቱን ለማወቅ ሰገራ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። እርስዎም የሚያረጋግጡት 3 ወር ጠብቀው ነው።

የኪኒን ወገን፦
ሚዛኑ የሚነግርዎት የዱቄቱን ክብደት ነው፤ ኤምቤሊኑ ከፍሬ ፍሬ ይለያያል። ሌላም አለ፦ በላብራቶሪ እንስሳት ላይ ኤምቤሊን መራባትን ሲያውክ ታይቷል። ዘይቱ ንጥረ ነገሩን ሲያሟሟ ከትሉ አልፎ ወደ ጠጪው ደም የሚገባውንም ሊጨምር ይችላል።

የእንቆቆ ወገን፦
ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባና ለሕፃን አይሰጥ፤ በዚህ እስማማለሁ።

የኪኒን ወገን፦
ልጅ ለመውለድ ያሰቡ ባልና ሚስትንም ይጨምሩ። ለመሆኑ ድሮ የኮሶ መድኃኒት በየሁለት ወሩ ይጠጣ የነበረው ለምን ይመስልዎታል? ጭንቅላቱ ስለሚቀር ነው።

የእንቆቆ ወገን፦
እሱ ብቻ አይደለም። በየበዓሉ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው አዲስ ትል ያስገባል፤ ኪኒን የዋጠም ያው ነው። ሥጋው በደንብ ካልበሰለ፣ ወይም ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ 10 ቀን በረዶ ሆኖ ካልቆየ፣ ፕራዚኳንቴሉን በሚቀጥለው ዓመት ደግመው ይገዙታል።

የኪኒን ወገን፦
እገዛለሁ፤ መጠኑ ግን ማሸጊያው ላይ ተጽፎ ነው።